ለሚኒያፖሊሷ እህት፦ በረዶውን ተዪው፣ የቀኑን ብርሃን ያዢ

ጥያቄሽን አነበብኩት። ባለፈው ነሐሴ ከአዲስ አበባ ሚኒያፖሊስ እንደገባሽ፣ ባለቤትሽ የሌሊት ሥራ እንደሚሠራ፣ የሁለት ዓመት ልጅ ይዘሽ ቤት እንደምትውዪ፣ በረዶው ከጣለ ወዲህ ከደጅ ወጥተሽ እንደማታውቂ ጽፈሻል። «ጭር ብሎብኛል፣ ሰው ይህን እንዴት ነው የሚችለው? መቼ ነው የሚያልቀውስ?» ብለሻል። ብዙ ሰው «ትለምጂዋለሽ» ብሎሻል። አንዱ ደግሞ ወደ አትላንታ ሂጂ አለሽ። አትላንታው መጥፎ ሐሳብ አይደለም፣ የዛሬን ግን አይፈታም። እኔ እዚሁ ከተማ ልጆች አሳድጌያለሁ፣ ብዙ ዊንተርም አልፎብኛል፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። ሰዓቱንም ዓመቱንም በሙሉ በፈረንጅ ነው የማስቀምጠው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በስንት ሰዓት ነው የምትተኚው? በዊንተር ከአዲስ አበባ ጋር የ9 ሰዓት ልዩነት አለን። እዚህ ሌሊት 11 ሲሆን እዚያ ጠዋት 8 ነው። ባል ሥራ ሄዷል፣ ውጪው ጨለማ ነው፣ እናትሽ ተነስተው ቡና እያስቆሉ ነው። ትደውያለሽ። ከእናት ወደ እህት፣ ከእህት ወደ ጓደኛ፣ ከዚያ ቲክቶክ፣ ሳታስቢው ሌሊቱ 2 ሰዓት ይሆናል። ልጁም አብሮሽ ማምሸት ይለምዳል። በማግስቱ 11 ላይ ትነሳላችሁ፣ ቁርስ ምናምን ሲባል 1 ሰዓት ይሞላል፣ ቀና ስትዪ መሽቷል። በዲሴምበር መጨረሻ እዚህ ፀሐይ የምትወጣው 7:50 ገደማ ነው፣ የምትጠልቀው ደግሞ 4:30 አካባቢ። የቀኑ ብርሃን 9 ሰዓት እንኳ አይሞላም። አዲስ አበባ በዚያው ሰሞን 11 ሰዓት ተኩል ያህል ታገኛለች። ከዚህችው ላይ ግማሹን ተኝተሽ ካሳለፍሽው ምን ቀን ቀረሽ? እኔ ሲከብዳቸው ያየኋቸው ሰዎች አብዛኞቹ በረዶውን ጠርገው ጨርሰዋል። ያቃታቸው በአዲስ አበባ ሰዓት እየኖሩ ሚኒያፖሊስ መዋሉ ነው።

ስለዚህ ስልኩን ወደ ጠዋት አዙሪው። እዚህ 8 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከሰዓት በኋላ 5 ነው፣ ሰው ከሥራ እየወጣ ነው። 10 ላይ ብትደውዪ ምሽት 7 ሆኖ ቤተሰቡን ተሰብስቦ ታገኚዋለሽ። እናትሽ መጀመሪያ ቅር ይላቸው ይሆናል። «ምነው ጠፋሽ» ማለታቸው አይቀርም። ንገሪያቸው፣ ይገባቸዋል። ማታ 10 ሲሆን ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጪው። ባለቤትሽ ቀን ስለሚተኛ ቤቱን ማጨለም አለብኝ ካልሽ ደግሞ መኝታ ቤቱን ብቻ አጨልሚ፤ የሳሎኑን መጋረጃ ጠዋት ወለል አድርጊው። የሌሊት ሠራተኛ ያለበት ቤት ሁሉም ሰው አብሮ የሌሊት ሠራተኛ እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው።

ቀጥሎ እኩለ ቀን። ከ11 ተኩል እስከ 1 ተኩል ባለው ጊዜ በየቀኑ ውጪ፣ ለ20 ደቂቃም ቢሆን። ደመናማም ቢሆን ውጪ፤ ደመና ያለበት ቀን እንኳ ደጁ ከየትኛውም ሳሎን የበለጠ ብርሃን አለው፣ በዚያ ላይ በረዶው ያንጸባርቃል። ጠዋት ጨለማው አልነሳ ካለሽ 10,000 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) የሚል ጽሑፍ ያለበት መብራት ይሸጣል። ከእንቅልፍሽ እንደነቃሽ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ፊት ለፊትሽ አድርገሽ ቁርስሽን ትበያለሽ። ማታ አታብሪው፣ እንቅልፍ ይነሳሻል። የዓይን ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር አይጠቀም። ቫይታሚን ዲ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ በዊንተር ያለችው ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ቆዳ ቫይታሚኑን ለመሥራት አትበቃም፣ ጥቁር ቆዳ ደግሞ በበጋውም ከነጮቹ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ለአንቺም ለልጅሽም በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሞቹን ጠይቂ። መጠኑን እነሱ ይንገሩሽ፣ ጎረቤት የሚውጠውን አትዋጪ።

«በዚህ ብርድ ሕፃን ይዤ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። እዚህ ያሉ መዋእለ ሕፃናት ብርዱ እስካልከፋ ድረስ ልጆቹን በየቀኑ ያስወጣሉ። ዋናው አለባበሱ ነው። አንድ ወፍራም ጃኬት ከማልበስ ሦስት ስስ ነገር ደርቦ ከላይ ውኃ የማያስገባ ሱሪና ጃኬት። ጥጥ ካልሲ ሲረጥብ ብርዱን ስለሚይዝ የሱፍ ካልሲ ግዢለት። የሁለተኛ እጅ ሱቆች ውስጥ የልጆች የበረዶ ልብስ ሞልቷል፣ ልጅ በአንድ ዊንተር ስለሚያድግበት ገና አዲስ ነው የሚሸጠው። መኪና ውስጥ ግን ጃኬቱን አውልቂለት። ወፍራም ጃኬት ከቀበቶው ሥር ሲሆን ቀበቶው የጠበቀ ይመስላል እንጂ በግጭት ጊዜ ይላላል። ቀበቶውን ካሰርሽ በኋላ ጋቢ ጣል አድርጊበት፣ በቃ። የማይወጣበትም ቀን አለ። ትንበያው ላይ ከነፋሱ ጋር ተደምሮ ከዜሮ በታች 35 ፋራናይት ካየሽ ያልተሸፈነ ቆዳ በ10 ደቂቃ ይጎዳል። ጃንዋሪ 30፣ 2019 እዚህ ከዜሮ በታች 28 ገብቶ ነበር፣ ያን ቀን ትምህርት ቤቱም ዝግ ነበር፣ ማንም ማንንም አልወቀሰም።

በረዶው ራሱ ሕግ አለው፣ ሕጉን ካወቅሽ ግማሹ ጭንቀት ይወርድልሻል። ብዙ ሲጥል ከተማው ስኖው ኢመርጀንሲ (የበረዶ አስቸኳይ ጊዜ) ያውጃል፣ ሦስት ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን ከማታ 9 እስከ ጠዋት 8 ምልክት ባለባቸው ዋና መንገዶች በሁለቱም ጎን መኪና አይቆምም። በሁለተኛው ቀን ከጠዋት 8 እስከ ማታ 8 በቀሩት መንገዶች የቤት ቁጥሩ ሙሉ በሆነው ጎን አይቆምም፣ በሦስተኛው ቀን ጎደሎው ጎን። ካልተነሳ መኪናው ተጎትቶ ይሄዳል፣ ማስመለሻው ቀላል ገንዘብ አይደለም። በስልክ መልእክት ስለሚልኩ ተመዝገቡ። ባለቤትሽ ከሌሊት ሥራ ገብቶ ሲተኛ መኪናው የቱ ጋ እንደቆመ ጠይቂው። አብዛኛው ሰው የሚቀጣው ተኝቶ ነው። ጎረቤት ከተማዋ ሴንት ፖል ደግሞ የራሷ ሌላ ደንብ አላት፣ ዘመድ ልትጠይቁ ስትሄዱ የእኛውን ይዛችሁ እንዳትሄዱ።

የቤታችሁ ፊት ያለው የእግረኛ መንገድ በረዶው በቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ መጠረግ አለበት። አፓርታማ ከሆነ የባለቤቱ ሥራ ነው። አካፋ ስትይዢ ግፊው እንጂ አታንሺው፣ እየጣለ ሳለም መሃል ላይ አንዴ መጥረግ ይሻላል፤ ቆይቶ የረጠበ በረዶ ወገብ ይቆርጣል። አባትሽ ወይም አጎትሽ ሊጠይቁሽ ከመጡ አካፋውን አትስጫቸው፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ልብ ላይ ከባድ ነው። ተራ ጨው ከ15 ፋራናይት በታች ብዙም አይሠራም፣ ያኔ አሸዋ በትኚ። አንድ ቡና ኩባያ ጨው ለአሥር የመንገድ ሰሌዳ ይበቃል፣ የተረፈው ሐይቅ ነው የሚገባው። ስትራመጂ አጭር አጭር እርምጃ፣ እጅ ከኪስ ውጪ።

አሁን ወደ ቤት ውስጥ ልግባ፣ እዚህ ላይ ኮስተር ልበል። እባክሽ በከሰል ቡና እንዳታፈዪ። ቤቱን ለማሞቅም ከሰል እንዳታስገቢ። እዚህ ቤቶች በዊንተር እንደ አገር ቤት አየር አያስገቡም፣ ጥብቅ ብለው የተዘጉ ናቸው፣ የከሰሉ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ደግሞ ሽታ የለውም። ሰው እንቅልፍ የያዘው እየመሰለው ነው የሚያልፈው። ረከቦቱ ይዘርጋ፣ ጀበናው ግን ኤሌክትሪክ ላይ ይቀመጥ። ዕጣኑን ትንሽ አድርጊው፣ የጭስ መጠቆሚያውን ባትሪ ግን አታውጪ። በሚኒሶታ ሕግ ከየመኝታ ክፍሉ በ10 ጫማ ርቀት ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያ መኖር አለበት፣ ከሌለ አከራዩን ጠይቂ። በረዶ ብዙ ሲጥል ደግሞ ከማሞቂያው ወደ ውጪ የሚወጣው ቱቦ እንዳይደፈን ከደጅ ዞረሽ እዪ። መኪናም ሳይነሳ በፊት የጭስ ማውጫው ይጠረግ።

ቤቱ በረደኝ ብለሽ ዝም አትበዪ። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው አከራዩ ከሆነ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ከ68 ፋራናይት ማውረድ አይችልም። አከራዩ አልሰማ ካለሽ የከተማው አገልግሎት ስልክ 311 ላይ ደውዪ። የማሞቂያ ሂሳብ ከከበዳችሁም በእነዚሁ ወራት የመቆረጥ መከላከያ አለ፣ ግን ራሳችሁ ደውላችሁ በአቅማችሁ ልክ የክፍያ ስምምነት መግባት አለባችሁ። ዝም ያለ ሰው ይቆረጥበታል። ብርዱ ሲበረታ በውጪው ግድግዳ በኩል ያለውን የዕቃ ማጠቢያ ቁም ሣጥን በር ክፍት አድርጊ፣ ቧንቧውም ጠብ ጠብ ይበል፣ አለበለዚያ ይቀዘቅዝና ይፈነዳል።

ሊጥሽም ችግር ይገጥመዋል። አዲስ አበባ በሦስት ቀን የሚቦካው እዚህ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እንደተኛ ይቀራል። ኦቨኑን ሳታበሪ ውስጥ ያለችውን አምፖል ብቻ አብርተሽ ሊጡን እዚያ ክተቺው፣ ሙቀቱ ይበቃዋል። ኦቨኑ በር ላይ «ሊጥ አለ» ብለሽ ወረቀት ለጥፊ። ባሎች ፒዛ ሊያሞቁ ሲሉ ባልዲውን ከነሊጡ ያቀለጡባቸው ቤቶች አውቃለሁ።

ስለ ጭርታው። «እንገናኝ እኮ» የሚባለው ነገር በዊንተር አይሠራም፣ ሁሉም ጃኬት ማጥለቁ ይደክመዋል። የሚሠራው ቁርጥ ያለ ተራ ነው። ሁለት ሦስት ሴቶች ፈልጊ፣ ቅርብ ያሉ፣ ልጅ ያላቸው ቢሆኑ ይመረጣል። ሳምንት በሳምንት በአንድ የታወቀ ቀን፣ በአንድ የታወቀ ሰዓት፣ ቀን በብርሃን፣ ቡና በተራ። ቤት ማሳመር የለም፣ ድግስ የለም፣ ቆሎ ይበቃል። ድግስ ከገባበት በሦስተኛው ሳምንት ይፈርሳል። ኦርቶዶክስ ከሆንሽ ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15፣ ኖቬምበር 24 ገደማ ነው፣ እስከ ገና ጃንዋሪ 7 ድረስ ጨለማው የሚበረታበትን ጊዜ በሙሉ ይሸፍነዋል፣ ሽሮውም ምስሩም አብሮ ቢበላ ምንም ወጪ የለውም። የጽዋ ማኅበር ካገኘሽ ግቢ። ለጥምቀትም ነጠላውን ከጃኬት በላይ ደርበን እንወጣለን፣ መልካችን ያስቃል፣ ግን ይደምቃል።

ለልጁ ደግሞ የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹ ወላጅና ሕፃን አብረው የሚገቡበት ኢሲኤፍኢ የሚባል ክፍል አላቸው። ክፍያው እንደ ገቢ ነው፣ መክፈል ያልቻለ አይመለስም። ልጁ ይጫወታል፣ አንቺም ሌሎች እናቶች ታገኛለሽ፣ እንግሊዝኛሽም ይፈታል። ቤተ መጻሕፍቶቹ ለሕፃናት ተረት የሚያነቡበት ሰዓት በነፃ አለ። ሞል ኦፍ አሜሪካ በብሉ ላይን ባቡር ይደረሳል፣ ሳይገዙ መራመድ ይቻላል፣ ዊንተርን እዚያ እየተራመዱ የሚያሳልፉ አዛውንቶች ሞልተዋል። እኔ ግን አብልጬ የምወደው ሴንት ፖል ኮሞ ፓርክ ያለውን የመስታወት ቤት ነው። ከ1915 ጀምሮ ያለ ነው፣ መግቢያው ነፃ ነው፣ ከፈለግሽ ትለግሻለሽ። ውስጡ እርጥብና ሙቅ ነው፣ ውጪው ነጭ ሆኖ ውስጡ ዘንባባና ሙዝ። ልጁን ጃኬቱን አውልቀሽ ልቀቂው።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላም ማልቀሱ ካልተወሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ልጁን መንከባከብ ካቃተሽ፣ እሱ ብርድ ብቻ አይደለም። ድባቴ ሕመም ነው፣ ወቅት እየጠበቀ የሚመጣውም ዓይነት ሐኪሞች ከ1984 ጀምሮ በስም ያውቁታል፣ ይታከማል። ለሐኪምሽ ንገሪ፣ አስተርጓሚ መጠየቅ መብትሽ ነው፣ ባለቤትሽ እንዲያስተረጉም አታድርጊ። ክፉ ሐሳብ ከመጣብሽ የጭንቀት ጊዜ መርጃ ስልኩ 988 ነው፣ በማንኛውም ሰዓት ያነሳሉ።

መቼ ያልቃል ላልሽው፦ በማርች አንድ ሞቅ ያለ ሳምንት ይመጣል፣ ጎረቤቱ ሁሉ በቲሸርት ይወጣል። አትታለዪበት። በ1991 ኦክቶበር 31 የጀመረው በረዶ 28 ኢንች ጥሎ ነበር፣ በ2018 ደግሞ ዳግማዊ ትንሣኤ ኤፕሪል 15 ላይ ውሎ ከተማው ከአንድ ጫማ በላይ በረዶ ተከምሮበት ነበር። አካፋውን እስከ ሜይ ከደጅ አታንሺ። የልጁን የበረዶ ቦት ጫማም ለሚቀጥለው ዓመት አንድ ቁጥር ከፍ አድርገሽ በኤፕሪል ግዢለት፣ ያኔ ዋጋው ግማሽ ይሆናል።