መልስ፦ ታራንቱላዬ በድንገት ሞተች፣ ጥፋቱ የኔ ነው?

ወንድሜ፣ እግዜር ያጽናህ። «ሸረሪት ናት እኮ» የሚሉህን አትስማቸው። ማታ ደህና ነበረች፣ ጠዋት እግሮቿን ወደ ሆዷ ሰብስባ አገኘኋት ብለሃል። በጀርባዋ ተንጋላ ቢሆን ቆዳ እየቀየረች ነው፣ አትንካት እልህ ነበር። ሸረሪት እግሯን የምትዘረጋው በአብዛኛው በፈሳሽ ግፊት ነው። ግፊቱ ሲወርድ እግሮቿ ይታጠፋሉ። አንዳንዴ ጥማት ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመቅበርህ በፊት አፏን ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ አስጠግተህ አንድ ቀን ጠብቅ። የምትተነፍሰው ከሆዷ ስር ስለሆነ እሱን ብቻ ውሃ አታስነካው።

ወንድ ከነበረ ግን ጥፋት አትፈልግ። ሴቷ 20 ዓመት ልትኖር ትችላለች፤ ወንዱ ከመጨረሻው ቆዳ ቅየራ በኋላ ብዙም አይቆይም። የኔም እንደዛ ነው የሄደው። ስንት ሌሊት ራሴን ስወቅስ አደርኩ መሰለህ! በነገራችን ላይ፣ ሰሞኑን ቤት ውስጥ የበረሮ መርዝ ተነፍቶ ነበር?