በዘፈንና በክሊፕ መቀለድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የታወቀ የፍቅር ዘፈን ዜማ ይዘን ግጥሙን ወደ ቀልድ እንቀይራለን። ስናነበው ያስቃል፣ ስንዘፍነው ግን ይንገዳገድና የሚስቅ ይጠፋል። ምን አጠፋን? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ቀለሙ (በአንድ ጊዜ ከአፍ የሚወጣው የድምፅ ቁራጭ) ስላልገጠመ ነው። አድማጩ ዋናውን ዘፈን በቃሉ ያውቀዋል። አንዲት ቀለም ስትተርፍ ጆሮው ቀልዱን ትቶ እሷን ይከተላል።

ቀለም የሚቆጠረው በፊደል አይደለም። ብዙ የፍቅር ዘፈን የሚገጠመው በወል ቤት ነው፤ ሐረጉ 6፣ ስንኙ 12 ቀለም። «ናፍቆትሽ ገደለኝ» ዘጠኝ ፊደል ቢኖረውም ቀለሙ ስድስት ነው፦ ናፍ፣ ቆ፣ ትሽ፣ ገ፣ ደ፣ ለኝ። ለምሳሌ እንዲህ ያለ ዘፈን አለ እንበል፦

ናፍቆትሽ ገደለኝ፣ እንቅልፍም የለኝም
ካንቺ በቀር ከቶ፣ ሌላ ሴት አልመኝም

ክሊፑ ላይ ደግሞ ልቡ የተሰበረው ልጅ ውድ መኪና ተደግፎ ቆሟል። ጀማሪ «ናፍቆትሽ ገደለኝ፣ መኪናውም ነዳጅ የለውም» ይላል። ሁለተኛው ሐረግ ዘጠኝ ቀለም ሆነ፣ ቤቱም ፈረሰ። የሚሻለው ይህ ነው፦

ናፍቆትሽ ገደለኝ፣ ነዳጅም የለኝም
መኪናው ኪራይ ነው፣ ከሰዓት አይገኝም

የመጀመሪያው ሐረግ ሳይነካ ቀርቷል፤ አድማጩ የሚያውቀውን ሲጠብቅ «ነዳጅም» ትመጣበታለች። «እንቅልፍም» ሦስት ቀለም፣ «ነዳጅም» ሦስት ቀለም። የቤት መምቻዋ «ኝም»ም ቦታዋን አልለቀቀችም። ቀልዱ ምንጊዜም ወደ ስንኙ ማብቂያ ይጠጋ፤ መጀመሪያ ላይ ካፈነዳችሁት የቀረው ስንኝ ትርፍ ይሆናል።

ዘፋኙ ድምፁን የሚስብበትን ቦታም ምልክት አድርጉ። እዚያ ላይ እንደ «ላ» ወይም «ና» ያለ አፍ የሚከፍት ፊደል ይግባ። ሳድስ ከገባ አፍ ይዘጋል፣ ዜማውም እዚያው ይቆረጣል። ይህን ብዙዎች አያስተውሉትም፤ ቀለሙን በትክክል ቆጥረውም «አሁንም አልገጠመም» የሚሉት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ክሊፕ ላይስ ምኑን እንያዝ? የዘፋኙን መልክ ስናነሳ ሰው ይቆጣል። (ከአዳማ)

መልስ፦ መቆጣቱ ልክ ነው። መልክ የዘፈኑ ሥራ አይደለም፤ ተዉት። የሚያዘው ግጥሙና ምስሉ የሚጣሉበት ቦታ ነው። «ብቻዬን ቀረሁ» ሲል ከኋላው ስምንት ተወዛዋዥ አለ። ሜዳ ላይ የሚመታው ኤሌክትሪክ ጊታር ገመድ የለውም። የክራር መቺው እጅ ቆሞ ድምፁ ይቀጥላል። እሷን ፍለጋ የወጣው ልጅ እስኪያገኛት አራት ልብስ ቀይሯል።

በእንግሊዝኛው ዓለም ደስቲን ማክሊን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ2008 የኖርዌዩን የኤ-ሃ ቡድን ክሊፕ ወስዶ፣ ግጥሙን ጥሎ ምስሉ የሚያሳየውን ብቻ በዚያው ዜማ ዘፈነው። እናንተም ስትሞክሩት ቃሉ ምስሉ ከታየ በኋላ ይድረስ፤ ከቀደመ ምስጢሩን ያወጣዋል። ምስሉ ቶሎ የሚያልፍ ከሆነ ሙሉ ሐረግ አትጫኑበት፣ ዝለሉት።

ጥያቄ፦ ሙዚቃው ወጥቶ የእግርና የልብስ ኮሽታ ብቻ የሚሰማባቸው ክሊፖች እንዴት ይሠራሉ? እኛ ስንሞክረው ድምፁ የተበላሸ ይመስላል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከሥር የቦታው ድምፅ ስለጎደለ ነው። ኦስትሪያዊው ማሪዮ ቪነሮይተር የታወቀበት ዘዴ ነው፤ እኛም ከቀልዶቹ ሁሉ አብልጠን የምንወደው ይህን ነው፣ አንድም ሰው ሳይሰደብ ያስቃልና።

ከክሊፑ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ ምረጡ፤ ከዚያ ካለፈ ይሰለቻል። ድምፁን ዘግታችሁ እያያችሁ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ከነሰዓቱ ጻፉ። ከዚያ በመጀመሪያ የሜዳውን ነፋስ ወይም የክፍሉን ዝምታ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቅዱና ከዳር እስከ ዳር ዘርጉት። ያለዚያ በኮሽታና በኮሽታ መሀል ፍጹም ጸጥታ ይሆናል፤ ሰውም ስልኩ የተበላሸበት ይመስለዋል።

ለእስክስታ ነጠላ ከስልኩ አንድ ክንድ ርቆ ይራገፍ፣ አጭር ትንፋሽ ይታከልበት። ለፈረስ ሁለት የፕላስቲክ ኩባያ ገልብጣችሁ አፈር ላይ ምቱ። ቀረጻው ብርድ ልብስ በተሰቀለበት ጠባብ ክፍል ይሁን፤ ባዶ ክፍል ያስተጋባል፣ ሜዳ ላይ ያለው ሰው ግን አያስተጋባም። ዘፋኙ አፉን ሲከፍት ቃል አታስገቡ፤ ትንፋሽ ወይም ጉሮሮ መጥረግ ይበቃል።

ስታጋጥሙ፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) በሚሄድ ቪዲዮ አንዱ ፍሬም 40 ሚሊሴኮንድ ነው። ድምፁ ሁለት ፍሬም ከቀደመ ወዲያው ይታወቃል፤ ሁለት ቢዘገይ ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም። በተፈጥሮም ድምፅ ከብርሃን ኋላ ነው የሚደርሰው።

ጥያቄ፦ የሠራነው ቀልድ ከዩቲዩብ ታገደ። መብት የለንም? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አሜሪካ ውስጥ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. የ1994 ውሳኔ አለ፤ ጉዳዩ ቱ ላይቭ ክሩ የተባለውን የራፕ ቡድን የሚመለከት ነበር። ቀልዱ ዘፈኑን ራሱን የሚነካ ከሆነ፣ ለንግድ ቢውልም ፍትሐዊ አጠቃቀም (ያለ ባለመብቱ ፈቃድ መጠቀም የሚቻልበት) ሊሆን ይችላል ተባለ። «ሊሆን ይችላል» ነው እንጂ «ነው» አይደለም። በሰው ዜማ ስለ ቤት ኪራይ ከቀለዳችሁ ክርክራችሁ ይደክማል፤ የተነካው ዘፈኑ አይደለምና።

ኢትዮጵያ ውስጥ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለጥቅስና ለማስተማሪያ ፈቃድ ቢሰጥም ቀልድን በስሙ አይጠቅስም። ስለዚህ አገር ቤት ላላችሁ ፈቃድ መጠየቅ ይሻላል።

ዩቲዩብ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የመጣባችሁን ለዩ። የኮንተንት አይዲ (የዩቲዩብ የቅጂ መብት መለያ ሥርዓት) ጥያቄ ከሆነ ማሽን ያገኘው ነው፤ ተቃውሞ ስታቀርቡ ባለመብቱ መልስ የሚሰጥበት 30 ቀን አለው። ስትራይክ (የቅጂ መብት ጥሰት ቅጣት) ከሆነ ግን ከባድ ነው፤ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ከሞላ ቻናሉ ይዘጋል። ማሽኑ ምስልንም ዜማንም ይለያል፤ ስለዚህ ድምፁን ቀይረን ምስሉን ብንተወው ያልፋል ማለት አይሠራም።

ሙግቱን የማትፈልጉ ከሆነ ባለቤት የሌለው የቆየ የሕዝብ ዜማ ያዙና በራሳችሁ ኪቦርድ ተጫውታችሁ ቅዱት። የዘፋኝ ቅንብር ወይም ከካሴት የተቆረጠ ድምፅ ግን አትቀላቅሉበት፤ ዜማው የሕዝብ ቢሆንም ቅንብሩና ቀረጻው ባለቤት አላቸው።