መልስ፦ ኮምቦልቻ ያለውን ራስበሪ ፓይ ከደሴ ስለ ማግኘት
ጠያቂያችን፣ ኮምቦልቻ መጋዘን ውስጥ ሙቀት የሚመዘግበውን ራስበሪ ፓይ (አነስተኛ ኮምፒውተር) ደሴ ካለው ኮምፒውተርዎ ለምን ማግኘት እንዳልቻሉ ጠይቀዋል። የሞደምዎ አይፒ አድራሻ በ100.72 ስለሚጀምር፣ ይህም ብዙ ደንበኞች አንድ የውጭ አድራሻ እንዲጋሩ የተመደበ ክልል ስለሆነ፣ ራውተሩ ላይ ፖርት (ከውጭ የሚመጣ ግንኙነት የሚገባበትን በር) መክፈት ምንም አይፈይድም። በዋየርጋርድ (ማሽኖችን በተመሰጠረ መስመር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ላይ የተገነባውን ቴይልስኬልን በሁለቱም ማሽኖች ላይ ቢጭኑ ይሻላል፤ መሣሪያዎቹ በአስተባባሪ ሰርቨር አማካይነት አድራሻቸውንና ይፋዊ ቁልፋቸውን (ለሌላው የሚሰጠውን የምስጠራ ቁልፍ) ከተለዋወጡ በኋላ በየበኩላቸው የዩዲፒ ፓኬት (ትንሽ የመረጃ ጥቅል) ወደ ውጭ በመላክ ቀጥተኛ መንገድ ለመክፈት ይሞክራሉ፤ ካልተሳካላቸውም መረጃው እንደተመሰጠረ በሌላ ሰርቨር በኩል ያልፋል። ዋየርጋርድን ብቻውን ከመረጡ ግን የውጭ አድራሻ ያለው ሦስተኛ ማሽን ያስፈልግዎታል፤ ፓዩ ላይም ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭን (ግንኙነቱ እንዳይዘጋ በየጊዜው ፓኬት የሚያስልከውን ቅንብር) 25 ሰከንድ ያድርጉት። የይፋዊው ቁልፍ ምስጢራዊ ጥንድ የሆነውን የግል ቁልፉን ከመሣሪያው እንዳያወጡት አደራ እላለሁ።