ቀለበት መሥራት ለመማር ዲግሪ አያስፈልግሽም

ጥያቄሽ ደርሶኛል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነሽ። ዶቃና ጨሌ እየሰካሽ ለጓደኞችሽ ትሸጫለሽ፤ አሁን ግን ከዶቃ አልፈሽ ብርና መዳብ በእሳት እየሠራሽ ቀለበትና ጉትቻ ማውጣት ትፈልጊያለሽ። አዲስ አበባ ያለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብተሽ ዓመታት መቀመጥ አትችይም። «በእጄ እየሠራሁ የምማርበት ቦታ የት አለ?» ብለሻል። እናትሽ ደግሞ «ተምረሽ ቀጥቃጭ ልትሆኚ?» እንዳሉሽ ነግረሽኛል።

እህቴ፣ «ስልጠና» የሚል ታፔላ መፈለግ ተዪ። በአገራችን አብዛኛው ወርቅ ሠሪ ሙያውን ያገኘው ከአባቱ ወይም ከአሠሪው ጎን ቁጭ ብሎ ነው። አንቺም መግባት ያለብሽ በዚያው በር ነው።

እዚያው ጅማ፣ መርካቶ ወዳሉት ወርቅ ቤቶች ሂጂ። ግን ወርቅ ቤትና ወርቅ ሠሪ አንድ አይደሉም። መስታወቱ ውስጥ የምታዪው ሀብል ሌላ ቦታ ተሠርቶ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ባለሱቁም መዶሻ ይዞ የማያውቅ ነጋዴ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገብተሽ «ታስተምራላችሁ?» አትበይ። የተበጠሰ ሀብል ወይም የጠበበሽ ቀለበት ያዢና «ይህን የሚጠግንልኝ ማነው?» በይ። የምትፈልጊው ያንን ጠጋኙን ሰው ነው። ቀለበት ማስፋት ቀላል ይመስላል፤ ግን መቁረጥ፣ መበየድ፣ መሞረድ፣ ማጥራት ሁሉም እሱ ውስጥ አለ፤ ጥገና የሚበዛበት ቤት የተቀመጠ ሰው በወራት ውስጥ የሙያውን መሠረት ያያል።

ሰውየው ወዲያው እሺ ላይል ይችላል። ጠረጴዛው ላይ ያለው የደንበኛ ወርቅ ነው፤ የማያውቃትን ልጅ አጠገቡ ማስቀመጥ ያስፈራዋል፣ እውነቱን ነው። ስለዚህ የሚያውቅሽና እሱም የሚያውቀው ሰው ዋስ ይዘሽ ሂጂ። ወርቅ እንደማትነኪ፣ የምትለማመጂበትን መዳብና ናስ ራስሽ እንደምታመጪ ንገሪው። በሳምንት ሁለት ከሰዓት ብቻ ጠይቂ፣ በወር የምትከፍዪውንም ቁረጡ። ከሁሉም በላይ እሳቱንና መጋዙን ከመቼ ጀምሮ እንደምትይዢ በግልጽ ተነጋገሩ። ይህን ሳይነጋገሩ የገቡ ልጆች ስድስት ወር ሙሉ ቤት ሲጠርጉና ሻይ ሲያመላልሱ ይከርማሉ። ሴት ስለሆንሽ ደግሞ በሩ ወደ መንገድ የተከፈተ፣ ሰው የሚገባና የሚወጣበት ቤት ምረጪ፤ ሰዓቱም ቀን ይሁን። «የወንድ ሥራ ነው» የሚልሽ አይጠፋም። አትከራከሪው፣ ሌላ ቤት ሂጂ።

በወርቅ አትጀምሪ፤ በብርም እንኳ። መዳብ ርካሽ ነው፤ ብታበላሺውም አያንገበግብሽም። ስትቀጠቅጪው ይደድራል፣ በእሳት ስታግዪው መልሶ ይለዝባል፤ ይህን በእጅሽ ካወቅሽ ብር ላይ አትደናገሪም። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። መዳብ የሚቀልጠው በ1085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ ንጹህ ብር ግን በ962 ገደማ። በመዳብ የለመድሽውን እሳት ብር ላይ ከደገምሽው ቀለበቱ ዓይንሽ እያየ ይፈሳል። 925 የሚባለው ብር 92.5 በመቶው ብር ሆኖ ቀሪው ብዙውን ጊዜ መዳብ ነው፣ እሱም ከንጹሁ ቀድሞ ይቀልጣል። መበየጃው፣ ማለትም ቀልጦ ሁለቱን ጫፍ የሚያያይዘው ብረት፣ ሁልጊዜ ከጌጡ ቀድሞ የሚቀልጥ መሆን አለበት፤ መጋጠሚያው ላይ የሚደረገው ቦራክስ የሚባል ነጭ ዱቄት ደግሞ መጋጠሚያው እንዳይጠቁርና መበየጃው እንዲፈስ ያደርጋል። እቤት ጠገራ ብር ካለ አደራ፣ እንዳታቀልጪው! 1780 የሚል የተጻፈበት፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝነው ማለቴ ነው። የድሮ አንጥረኞች መስቀሉንም አምባሩንም ከሱ ሠርተዋል፤ ዛሬ ግን እንዳለ ማስቀመጡ ይሻላል።

ከአንጥረኛው ጎን ለጎን ጅማ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሄደሽ በብረታ ብረትና በብየዳ አጫጭር ስልጠና መቼ እንደሚሰጥ ጠይቂ። ጌጣጌጥ ባይሆንም እሳት፣ ጋዝና ሞረድ መፍራት ያስለቅቅሻል። የሙያ ብቃት ምዘናንም እዚያው ጠይቂ፤ ችሎታውን የትም ቢማሩት መመዘን ይቻላል፣ ለጌጣጌጥ ሥራ መዛኝ ያለበትን ከተማ ብቻ አጣሪ።

ክረምት ላይ አዲስ አበባ ዘመድ ዘንድ የምትቆዪ ከሆነ የግል ስልጠና ልታገኚ ትችያለሽ። ሳትከፍዪ በፊት ግን አንዱን ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብለሽ እዪ። አንድ እሳት ለስንት ተማሪ ነው? የሠራሽውን ይዘሽ ትሄጃለሽ? ብረቱን የሚያቀርበው ማነው? አሥር ሰው ከቦ መምህሩ ሲሠራ የሚያይበት ቦታ ከሆነ ገንዘብሽን ያዢ፣ ሰርተፍኬቱ ምንም ያህል ቢያምር። ድንጋይ መቁረጥ ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። የደላንታ ኦፓል ቢያጓጓሽም መጀመሪያ ፈርጡን የሚይዘውን ቀለበት መሥራት ልመጂ።

ስለ ጤናሽ ልጨነቅ። መስኮት በሌለው ክፍል አትበይጂ። ካድሚየም የሚባል ብረት ያለበት መበየጃ ጭሱ መርዝ ነው፣ ከነጭራሹ አትንኪው። የጠቆረ ጌጥ በሚያጠራው አሲድ ስትሠሪ አሲዱን ወደ ውሃው ጨምሪ እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አታፍስሺ። ጸጉርሽን እሰሪ፣ ነጠላሽን አስቀምጪ፣ መነጽር አድርጊ።

ወደ እናትሽ ልመለስ። የሳቸው ፍርሃት ከየትም የመጣ አይደለም። ጠይብ፣ ቡዳ፣ በኦሮምኛ ደግሞ ቱምቱ እየተባለ ባለ እጅ ስንት ዘመን ተንቋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ራሱ ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። በቃል አታሳምኛቸውም። መጀመሪያ የሠራሽውን የመዳብ ቀለበት ጣታቸው ላይ አጥልቂላቸው። ትምህርትሽንም እንደማታቋርጪ ንገሪያቸው፣ አታቋርጪም ደግሞ፤ ከሞረድ ሥር የሚረግፈውን ብናኝ መዝኖ ዋጋ ውስጥ የሚያስገባ ሠሪ ያተርፋል፣ ያንን ሂሳብ አንቺ ከወዲሁ ታውቂዋለሽ።

በዚህ ሳምንት ሦስት ወርቅ ቤት ግቢ። ጠጋኙን ካገኘሽው ምን እንዳለሽ ጻፊልኝና ውሉን አብረን እናያለን።