ጎድን ከነዳቢቱ በኦቨን፦ የቅዳሜ ጥያቄና መልስ

ለፋሲካ የጠበስኩትን ጎድን ካያችሁ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። ባሕር ዳር ውስጥ 19 ዓመት በሆቴል ወጥ ቤት ሠርቻለሁ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ። አስቀድሜ የምለው አንድ ነገር ነው፦ የሥጋ ቴርሞሜትር ግዙ። ሥጋው ውድ ነው፣ በግምት አይሠራም።

ከፋሲሎ፦ ጋሼ፣ ሥጋ ቤት ሄጄ ምን ልበላቸው? ለጥብስ ስላቸው ከትፈው ሰጡኝ።

ለጥብስ ካልሻቸው ይከትፉታል፣ ምን ያድርጉ? «ጎድን ከነዳቢቱ፣ ሦስት አጥንት፣ ሳይነጠል» በያቸው። ወደ ሽንጡ የሚጠጋውን አስቆርጪ፤ ወደ ትከሻው ያለው ጅማት ይበዛዋል። አጥንቱ በመጥረቢያ እንዳይመታ፣ ስብርባሪው ሥጋው ውስጥ ይቀራል። በመጋዝ ይቆረጥ። ላዩ ላይ ያለውን ስብ እንዳያነሱብሽ። የቄራውን ማህተም ሳታዪ ደግሞ እንዳትገዢ።

ከዓባይ ማዶ፦ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

በሰዓት አይለካም። መሐሉ በደረሰበት ሙቀት ነው፤ ሲያርፍ 63 ዲግሪ ላይ ይድረስ።

ከጊሽ ዓባይ፦ የእኔው እንደ ጫማ ሶል ደረቀብኝ። ጠዋት ገዝቼ ለምሳ ነበር ያደረስኩት።

ይህን ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፣ የብዙ ሰው ሥጋ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሌሊት የታረደ ሥጋ ጠዋት ስትገዢው ጡንቻው ገና እንደተገተረ ነው። የሚላላው ቀን ሲሰጡት ነው፤ በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ቀስ እያሉ ያለሰልሱታል። ለክትፎ ችግር የለውም፣ ቢላው ሥራውን ይሠራል። ትልቅ ቁራጭ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ቀን አሳድሪው፣ ከ4 ዲግሪ ባልበለጠ ቅዝቃዜ። አትሸፍኚው። ሽቦ ላይ ይቀመጥ፣ ከሥሩ ትሪ ይሁን። ላዩ ሲደርቅ አትደንግጪ፤ እርጥብ ሥጋ ኦቨን ውስጥ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

ጨውን የመጨረሻው ማታ አድርጊ። ለ1 ኪሎ 10 ግራም ገደማ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል መሆኑ ነው። ጨው መጀመሪያ ውኃ ያወጣል፣ ሲያድር ውኃው ጨውን ይዞ ተመልሶ ይገባል። ሊገባ ሲል የተነሰነሰ ጨው ላዩ ላይ ይቀራል።

ከሽምብጥ፦ ሥጋ አምስት ቀን ማሳደር ምን የሚሉት ነው? በእኛ ቤት የዕለቱ በዕለቱ ይበላል።

ከወረታ፦ ነገሩ ቀኑ አይደለም፣ በሬው ነው። የፎገራ ከብት ይዛችሁ ሞክሩት።

ከፋሲሎ፦ የሐረር ሰንጋ እያለ?

ከወረታ፦ ሐረርን ማን አነሳ? ጣና ዳር ቁጭ ብለሽ!

ተረጋጉ። ወረታ፣ አገርህን ብትወድ ደግ ነው፣ እኔም የፎገራን ከብት እወዳለሁ። ግን ፎገራ ስሙ የገነነው በወተቱ ነው። ለኦቨን ዋናው ዕድሜና ድልብነት ነው። ዓመታት ያረሰ በሬ የፎገራም ይሁን የሐረር ለዚህ አይሆንም፤ እሱ ለቅቅል ነው፣ ረጅም ሰዓት ውኃ ውስጥ ይፈልጋል። ወጣትና የደለበ ይሁን፤ ሥጋው መሐል ነጭ የስብ ጭረት ይታያችሁ። ሽምብጥ፣ ለጥሬና ለክትፎ የእናንተ ቤት ልማድ ትክክል ነው። ለዚህኛው ግን አይሠራም።

ከድብ አንበሳ፦ ቅመሙስ? በርበሬ እና ሚጥሚጣ አሽቼበት ጠቆረ።

በርበሬ በኃይለኛ ሙቀት ያርና ይመራል። ሚጥሚጣና አዋዜ ማዕድ ላይ ይቅረቡ። ሥጋውን ስስ አድርጋችሁ ሰናፍጭ ቀቡት፣ በላዩ የተወቀጠ ቁንዶ በርበሬና ጦስኝ። ነጭ ሽንኩርቱንና የጥብስ ቅጠሉን ከሥር ትሪው ላይ አድርጉ፣ በሚንጠባጠበው ስብ ይበስላሉ። ከዚህ አትብዙ።

ከቀበሌ 14፦ ቴርሞሜትር ገዛሁ፣ በፈላ ውኃ 94 ነው የሚያሳየው። አታለሉኝ መሰለኝ።

አላታለሉህም ልጄ! ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። 100 ቢያሳይህ ነበር መጠርጠር። ደግሞ በበረዶ ውኃ ሞክረው፤ 0 ካለህ እመነው። ስትወጋው ጫፉ የሥጋው መሐል ይድረስ፣ አጥንት አይንካ።

ከሽምብጥ፦ የውጭ አገር ሰዎች በ54 ያወጡታል። ለምን 63 ይላሉ?

ኮሶ ያለበት አገር ነን። የኮሶ ትል እጭ ከ60 በላይ ሲሞቅ ይሞታል። እኔ 60 ላይ አወጣዋለሁ፣ ሲያርፍ ሦስት ገደማ ይጨምራል። መሐሉ አሁንም ሮዝ ነው፣ ጭማቂውም አለ። የሚፈሰው ቀይ ደግሞ ደም አይደለም። ደሙ ቄራ ፈሷል። ማዮግሎቢን የሚባል የጡንቻ ፕሮቲን ነው።

ከበላይ ዘለቀ፦ በአጠቃላይ ስንት ሰዓት መሆኑ ነው?

ከላይ መልሻለሁ። አሁንም ቴርሞሜትር። ለማቀድ ያህል ብቻ፦ 3 ኪሎ በ120 ዲግሪ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይወስዳል። ለ7 ሰዓት ምሳ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አስገቡ። 60 ሲደርስ አውጡና በፎይል ሸፍናችሁ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት። ሊቀርብ ሲል ኦቨኑን 250 አድርሳችሁ ለ8 ደቂቃ መልሱት፣ ላዩ ይቀላል። ቀድሞ ቢደርስ ይጠብቃችኋል። እንግዳ ሥጋን ይጠብቅ እንጂ ሥጋ እንዳይቸኩል።

ከፋሲሎ፦ መብራት ቢጠፋብኝስ?

የኦቨኑን በር አትክፈቺ። በግማሽ ሰዓት ከመጣ ቀጥይ። ካልመጣ አውጥተሽ በየአጥንቱ ቁረጪውና ከሰል ላይ ጨርሺው። ለብ ባለ ኦቨን ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳታቆዪው፣ ያሳምማል። ፍሪጅ ውስጥ እያለ ከጠፋ ደግሞ በሩ ካልተከፈተ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል።

ከዘጌ፦ ቆሮሶ በኦቨን እንዴት ነው?

ዓሣ ሌላ ቀን።

ከዓባይ ማዶ፦ ያለ ቴርሞሜትርስ? በጣት በመንካት አይታወቅም?

እኔ ከ19 ዓመት በኋላም በጣቴ አላምንም። ያለ ቴርሞሜትር አትጀምር።

ከጊሽ ዓባይ፦ አጥንቱን ምን ላድርገው?

እንዳትጥዪው! ማታ በቀይ ሽንኩርትና በትንሽ ኮረሪማ ቀቅዪው። ሲወርድ ቃሪያ ጣል አድርጊበት።