ከምርጫው በፊት ስለ ፊርማችሁ

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣

የምርጫ ዓመት በመጣ ቁጥር ከእናንተ አንዱ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይይዘኝና «ጋሼ፣ ክርስቲያን የትኛውን ፓርቲ መምረጥ አለበት?» ብሎ ይጠይቀኛል። ጥያቄው ከቅን ልብ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በትምህርት ቤት አንድ ነገር ትሰማላችሁ፤ በስልካችሁ ሌላ ታያላችሁ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አባታችሁና አጎታችሁ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ሲከራከሩ ታዳምጣላችሁ። መልስ አለኝ፤ የምጀምረው ግን ከሌላ ቦታ ነው። በሙያዬ የሒሳብ ሰው ነኝ። በዋሽንግተን አካባቢ ለረጅም ዘመን የወገኖቼን ግብር ስሠራ ኖሬአለሁ። እምነት ወደ ሰው ኑሮ ምን ያህል እንደ ዘለቀ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዷ በግብር ቅጹ ላይ ያለችው የፊርማ መስመር ናት ብዬ አምናለሁ።

ከዚያች መስመር በላይ ያለውን ጽሑፍ የሚያነብ ጥቂት ነው። ፈራሚው በሐሰት ቢያረጋግጥ እንደሚቀጣ አውቆ፣ ቅጹን መርምሮ፣ እስከሚያውቀው ድረስ የሞላው ሁሉ እውነትና የተሟላ መሆኑን ቃል ይሰጣል። በእኔ ዓይን ይህ መሐላ ነው። ከዚህ መሐላ በታች ሐሰት የሚፈርሙ ደግሞ እሑድ ከእኛ ጋር የሚዘምሩ ሰዎች ናቸው። በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ባልና ሚስት ተለያይተው የሚኖሩ አስመስለው ሁለቱም «የቤተሰብ ኃላፊ ነኝ» ብለው ያስሞላሉ። በሌላ ሰው ቤት የሚያድግ የእኅት ልጅ እነርሱ የሚያስተዳድሩት ተብሎ ይጻፋል። በእጅ የተከፈለ ደመወዝ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከሁሉም ይልቅ ልቤን የሚያቆስለው የቤተ ክርስቲያን ደረሰኝ ነው። ለ250 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ ስጦታ ሕጉ የጽሑፍ ማረጋገጫ ስለሚጠይቅ፣ ገንዘብ ያዡን «እባክህ ትንሽ ከፍ አድርገህ ጻፍልኝ» የሚሉ አሉ። በቤተ ክርስቲያን ማኅተም እንዲዋሽላቸው መለመናቸው ነው!

«የመንግሥት ገንዘብ ነው፤ ማንን ይጎዳል?» ይሉኛል። ይህ አስተሳሰብ ከየት እንደ መጣ ይገባኛል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። መንግሥትን ወሳጅ ሆኖ እንጂ ሰጪ ሆኖ ያላየ ሕዝብ፣ ከመንግሥት የሸሸገውን እንደ ብልሃት ቢቆጥረው አይገርምም። ቀራጮች ሊጠመቁ መጥተው «ምን እናድርግ?» ባሉት ጊዜ ግን መጥምቁ ዮሐንስ ሥራችሁን ትታችሁ ወደ ምድረ በዳ ኑ አላላቸውም፤ «ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ» አላቸው። ንስሐቸው የሚታየው በሚቆጥሩት ገንዘብ ላይ ነበር። ጥሬ ገንዘብ በእጃችሁ በሚገባበት ሥራ ላይ ያላችሁ፣ በምግብ ቤት የምታስተናግዱ፣ መኪና የምትነዱ፣ ይህን ቃል ለእናንተ እንደ ተነገረ አድርጋችሁ ስሙት።

በሕግ የሚገባችሁን ግን ሳታፍሩ ውሰዱ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሠራተኞች ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጥ የግብር ድጋፍ አለ፤ ቀን ከሌሊት ሠርተው ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች መብታቸው መሆኑን ባለማወቅ ሲያልፋቸው አይቻለሁ። የአገሪቱ የግብር መሥሪያ ቤት የሚደግፈው «ቪታ» የሚባል የበጎ ፈቃድ አገልግሎትም አለ፤ ሠልጥነው ፈተና ያለፉ ሰዎች ለአነስተኛ ገቢ ቤተሰቦች ግብር በነፃ ይሠራሉ። ለማገልገል የሒሳብ ምሩቅ መሆን አያስፈልግም። እንግሊዝኛና አማርኛ የምትችሉ ልጆች በየካቲትና በመጋቢት ጥቂት ቅዳሜዎችን ብትሰጡ ስንት አረጋውያን ከአታላይ ደላላ እጅ በዳኑ ነበር። መድረክ ላይ ካልወጣን አላገለገልንም ለምትሉ፣ ይህ አገልግሎት ነው።

ስለ ስጦታ ደረሰኝ ካነሣሁ ወደ ቤታችሁ ልግባ። ለቤተ ክርስቲያን ብዙ ሰጥቶ እናቱን የረሳ ሰው አውቃለሁ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታ የገሠጸው ይህንኑ ነው፤ አባትና እናት ሊረዱበት የሚገባውን «ቁርባን ነው፤ ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል» ብለው የሚያስቀሩትን። በተቃራኒው ደግሞ ባል ለወንድሞቹ፣ ሚስት ለእኅቶቿ በየፊናቸው ተደባብቀው ገንዘብ የሚልኩባቸው ቤቶች አሉ። መላኩ በጎ ነው፤ ቤቱን የሚያፈርሰው መደባበቁ ነው። ለጋብቻ የምትዘጋጁ ሁሉ፣ የሠርግ አዳራሽ ከመከራየታችሁ በፊት ተቀመጡና የትምህርት ብድራችሁን፣ የክሬዲት ካርድ ዕዳችሁን፣ በየወሩ ለማን ስንት እንደምትልኩ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ስለዚህ በግልጽ ሳይነጋገሩ ተጋብተው በሦስተኛው ዓመት ግብራቸውን ለየብቻ እንድሠራላቸው የመጡ ባልና ሚስት ፊት ከዓይኔ አይጠፋም።

ወላጆቻችሁን ደግሞ እዩአቸው። አገር ቤት መምህር የነበረው አባት እዚህ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ሲቆርጥ ኖሯል፤ እናታችሁ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊቱን የሌላ ሰው እናት ስታገላብጥ አድራ ጠዋት ትገባለች። ከልጅነታችሁ ጀምሮ የሆስፒታሉንና የባንኩን ደብዳቤ ስትተረጉሙላቸው እንደ ኖራችሁ፣ ይህም ለልጅ ትከሻ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም ያንኑ ደብዳቤ ሳትቆጡ፣ ሳትቸኩሉ፣ ሁለተኛ ጊዜም ቢሆን ማንበብ «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለው ትእዛዝ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚፈጸምበት መንገድ ነው። ወላጆችም ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ ልጆቻችሁ ከትርፍ ሰዓት ክፍያው ይልቅ እናንተን የሚፈልጉበት ዘመን አጭር ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። የፓርቲ ስም አልነግራችሁም፤ የሁለት ሰዎችን ታሪክ ግን ልንገራችሁ።

ፋኒ ሉ ሄመር በሚሲሲፒ የጥጥ እርሻ ላይ ጢሰኛ ነበረች። ጥቁር ሕዝብ ተመዝግቦ መምረጥ እንደሚችል የሰማችው በ1962 እ.ኤ.አ. ሩልቪል በሚባል ትንሽ ከተማ በቤተ ክርስቲያን በተደረገ ስብሰባ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ 44 ዓመቷ ነበር። በዚያው ነሐሴ ከሌሎች ጋር በአውቶቡስ ልትመዘገብ ሄደች። ተመልሳ ስትመጣ የእርሻው ጌታ ምዝገባውን ካልተውሽ ልቀቂ አላትና ለ18 ዓመት ከሠራችበት ቦታ በዚያው ቀን ወጣች። በሚቀጥለው ዓመት ዊኖና በምትባል ከተማ እስር ቤት ውስጥ ክፉኛ ተደበደበች፤ ጉዳቱ ዕድሜ ልኳን አልለቀቃትም። መዝሙር ግን ከአፏ አልጠፋም፤ የሚጠሏትን መልሳ ብትጠላ የእግዚአብሔርን ፊት እንደማታይ ትናገር ነበር። በ1964 በአትላንቲክ ሲቲ በዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ ላይ ቀርባ የደረሰባትን ስትመሰክር አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን አያት። ከዚያ በኋላም ለድሆች ቤተሰቦች መሬት የሚገዛና አሳማ የሚያረባ የኅብረት እርሻ አቋቋመች፤ የመምረጥ መብት ያገኘ ሰው እራት ከሌለው መብቱን እንደሚነጥቁት ታውቅ ነበርና። የእርሷና የባልንጀሮቿ ትግል በ1965 የመምረጥ መብትን ሕግ አስገኘ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው የእኩልነት መንፈስ፣ አፍሪካውያንን ከደጅ ያስቀር የነበረው የኢሚግሬሽን ኮታ ተሻረ። እናንተና እኔ እዚህ አገር በእኩል በር የገባነው በእነዚህ ሰዎች ደም ነው። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን በንቀት ሲናገር ስሰማ አዝናለሁ፤ እናንተም በፊታችሁ እንዲህ ሲባል ዝም አትበሉ።

ሁለተኛው ሰው ሪፐብሊካን ነው፤ ከ1967 እስከ 1997 የኦሪገን ሴናተር የነበረው ባፕቲስቱ ማርክ ሃትፊልድ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር ኃይል መኮንን ሆኖ ሂሮሺማን ከቦምቡ በኋላ በዓይኑ አይቷል። የቬትናምን ጦርነት ተቃወመ፤ ጽንስ ማስወረድንም የሞት ቅጣትንም ተቃወመ። በ1973 በብሔራዊው የጸሎት ቁርስ ላይ ፕሬዚዳንት ኒክሰን እዚያው ተቀምጠው ሳለ፣ አገርን ከእግዚአብሔር ጋር አምታቶ ማምለክ አደጋ መሆኑንና ሕዝቡ ንስሐ እንደሚያስፈልገው ተናገረ። የትኛውም ፓርቲ ሙሉ በሙሉ የራሴ ሊለው የማይችል ሰው ነበር። ከእርሱ የምወስደው ይህን ነው፦ ፓርቲያችሁ የሚለው ሁሉ ያለ ጭንቀት «አሜን» የሚያሰኛችሁ ከሆነ፣ ወንጌሉን እንደገና አንብቡት።

በተቃዋሚያችሁ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ደግሞ ይህን ስሙ። ብዙዎቻችን ከሱዳን መጠለያዎች ወደዚህ የመጣነው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር መጋቢት 1980 እ.ኤ.አ. በፈረሙት የስደተኞች ሕግ ነው። እኔን የተቀበሉኝ የአንዲት ትንሽ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን አባላት ናቸው፤ ካፖርት አለበሱኝ፣ አውቶቡስ መሳፈር አስተማሩኝ፣ በሥራ ቃለ መጠይቅ ቀን ውጭ ቆመው ጠበቁኝ። ያስጠጉኝ ባልና ሚስት በዚያ ዓመት ምርጫ ድምፃቸውን ለካርተር አልሰጡም። ስለ ፖለቲካ እስከ መጨረሻቸው አልተስማማንም፤ ልጆቼ ግን አያቶቻችን ብለው ነው የቀበሯቸው። በስልካችሁ ላይ «እነዚያ ሰዎች» እያላችሁ ስትጽፉ እኔ እነርሱን አስባለሁ።

ከአሜሪካው ምርጫ ይልቅ ጉባኤዎቻችንን የከፋፈለው የአገር ቤት ፖለቲካ ነው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ለእናንተ አልታመንኩም። ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. በሰሜን ኢትዮጵያ በነበረው ጦርነት ጊዜ አብረው የጌታን እራት ሲወስዱ የኖሩ ሰዎች ሰላምታ አቋረጡ። አንዱ በእናቱ ሞት ሲያለቅስ ሌላው «የየትኛው ወገን ናት?» ብሎ ጠየቀ። እምነትና ፖለቲካ ሲገናኙ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍሉ ትውልዴ ያውቀዋል፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገድለዋል፤ ከአገር የመውጣት ዕድል አግኝተው መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ነበር። ያን ዓይነት እረኛ ያየች ቤተ ክርስቲያን ልጆቿ በነገድ ስም በየማእዘኑ ሲቀመጡ ማየት ያሳፍራል። እናንተ አባቶቻችሁ የተጣሉትን ጠብ እንድትወርሱ አትገደዱም። አባቱ ከአባታችሁ ጋር የማይነጋገር ጓደኛ ካላችሁ፣ ሐዘን ሲደርስበት ቀድማችሁ ሂዱ፤ አባታችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።

በዚህ አገር ከ1954 ጀምሮ ባለው ሕግ ከግብር ነፃ የሆኑ ድርጅቶች፣ ቤተ ክርስቲያንም ጭምር፣ ለዕጩ ተወዳዳሪ መቀስቀስ አይፈቀድላቸውም። ስለዚህ ሕግ አሁንም ክርክር አለ። እኔ ክልከላው ቢቀርም እንኳ መድረኩ የዕጩ ስም እንዳይጠራበት እመኛለሁ፤ ስለ ድሀ፣ ስለ መጻተኛ፣ ስለ እውነት ግን ሳይፈራ ይናገር።

ምርጫ ስል ደግሞ የፕሬዚዳንቱን ብቻ አታስቡ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል ለሰማን ለእኛ የካውንቲ ምክር ቤት ወይም የትምህርት ቦርድ ስብሰባ ገብቶ በማይክሮፎን ባለሥልጣን መጠየቅ እስካሁን ይከብደናል፤ ለእናንተ ግን አይከብዳችሁም። የታናሽ ወንድማችሁ ትምህርት ቤት በጀት፣ እናታችሁ የምትሳፈርበት አውቶቡስ መስመር፣ የኪራይ ቤት ደንብ የሚወሰነው እዚያ ነው። ሄዳችሁ ተናገሩ።

ግሪን ካርድ ብቻ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ፦ የመንጃ ፈቃድ ስታወጡ ለምርጫ ትመዘገባላችሁ ወይ ብለው ቢጠይቋችሁ «ዜጋ አይደለሁም» በሉ፤ ዜጋ ሳይሆኑ መመዝገብና መምረጥ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል፤ ባለማወቅ የገቡበት ሰዎች አሉ። ዜጎች የሆናችሁ፣ በፍርድ ቤት ከተራ ዜጎች ጋር ተቀምጦ ለመፍረድ የጁሪ ጥሪ ሲመጣ ሰበብ አትፈልጉ፤ የአንድ ሰው ነፃነት ሲወሰን ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሰው እዚያ መቀመጥ አለበት። ለመምረጥ ዕድሜያችሁ ያልደረሰ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከ16 ዓመት ጀምሮ በምርጫ ጣቢያ ማገልገል ይቻላል፤ አበልም ይከፈላል። አማርኛ የምትናገር ልጅ በጣቢያው በር ላይ ስትቀበላቸው ከሩቅ ሰፈር የመጡ እናቶች ወረፋውን ጥለው አይሄዱም። ማመልከቻው በየካውንቲያችሁ የምርጫ ጽሕፈት ቤት አለ፤ ሥልጠናው ከምርጫው በፊት ባሉት ሳምንታት ስለሚሰጥ አስቀድማችሁ ደውሉ።

በጸሎት የሚያስባችሁ፣
አባታችሁ