ዘጠነኛውን ጥያቄ ሳታዩ አትውጡ

ልጆቼ፣

ለመመረቂያ ጥናታችሁ የታዳጊ ወጣቶችን የአእምሮ ጤናና ችግርን የሚቋቋሙበትን መንገድ እንደመረጣችሁ ስሰማ ደስ አለኝ። እዚህ ሐዋሳ በአእምሮ ጤና ነርስነት ረጅም ዘመን ሠርቻለሁ። ወደ ትምህርት ቤቶች ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ስሕተቴን ልንገራችሁ።

ወጣት ሳለሁ በዚህችው ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መጠይቅ አስሞላሁ። መምህሩ በዴስኮቹ መካከል ይመላለሱ ነበር። ስሰበስብ የአንዲት ልጅ ወረቀት ከላይ እስከ ታች «በፍጹም የለም» የሚለው ላይ ብቻ ምልክት ተደርጎበታል። ቆም ብዬ ሳያት መምህሩ «እሷን ይተዋት፤ ጨዋ ልጅ ናት፣ ድምፅዋ እንኳ አይሰማም» አሉኝ። ተውኳት፤ ከጤነኞቹ ጋርም ደመርኳት። ከሁለት ወር በኋላ እናቷ ይዘዋት እኔ ወደምሠራበት ክፍል መጡ። እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ከጠላች ሰንብታለች። ለምን እንዳልነገረችኝ ብጠይቃት «መምህሩ ቆመው ነበር» አለችኝ።

የሚረብሸው ልጅ ወላጅ አምጣ ይባላል፤ ቀስ በቀስ የምትከስመው ልጅ ግን በጨዋነቷ ትመሰገናለች። ድብርት በዚህ ዕድሜ ሁልጊዜ በዕንባ አይገለጥም፤ በአንዱ ቁጣ፣ በሌላዋ ዝምታ ሆኖ ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆናቸው ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። 60 ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል ይህ ወደ 9 ልጆች ይጠጋል። ስለዚህ መምህሩን በአክብሮት ከክፍሉ አስወጡ፤ ልጆቹንም አራርቃችሁ አስቀምጡ።

ስለ መቋቋሚያ መንገዶች ስትጽፉም ለመፍረድ አትቸኩሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ላዛረስና ፎክማን በ1984 እ.ኤ.አ. ችግሩን ራሱን መፍታትንና ችግሩ የሚያመጣውን ስሜት ማስታገስን ለይተው አስረድተዋል። ፈተና የሚያስጨንቀው ልጅ የጥናት ዕቅድ ሊያወጣ ይችላል። አባቱ በየምሽቱ ሰክሮ የሚገባበት ልጅ ግን ምን ያቅድ? ኳስ ሜዳ መዋሉ፣ ወይም ከጓደኛው ጋር ሐይቁ ዳር መቀመጡ ሽሽት ተብሎ ሊመዘገብበት አይገባም፤ ሊለውጠው የማይችለውን ነገር የሚሸከምበት ጉልበት ነው። ለጥናት ብሎ ጫት ቅሞ የሚያነጋው ግን እንቅልፉን ያጣል፤ ጭንቀቱም ይብስበታል። እሱን ቀረብ ብላችሁ አነጋግሩት።

ብዙዎቻችሁ ባለ 9 ጥያቄውን የድብርት መለኪያ እንደምትጠቀሙ አውቃለሁ። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ ዘጠነኛው ሞትን መመኘትንና ራስን መጉዳትን ነው። መልሱን በኋላ ኮምፒውተር ላይ እናስገባለን ብላችሁ ወረቀቱን በካርቶን አሽጋችሁ አትሂዱ። እዚያው ግቢው ውስጥ ተቀምጣችሁ ዘጠነኛውን መልስ አንድ በአንድ እዩ። «በፍጹም የለም» ከሚለው ሌላ መልስ ላይ ምልክት ያደረገ ልጅ ካለ ለብቻው አነጋግሩት፤ በዚያው ቀን ከሚረዳው ባለሙያ ጋር አገናኙት። የሚቀበለውን ባለሙያ አስቀድማችሁ ካላገኛችሁ ግን መጠይቁን አታስሞሉ።